የቫል ወንዙ አጥማጅ

ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ያለው ሱቄ ከተዘረፈ በኋላ ቤት መዋል አስጨነቀኝና አንድ ቅዳሜ የዓሣ ማጥመጃ ገዝቼ ቫል ወንዝ ወረድኩ። አምባዛ ልይዝ አስቤ ገና ስጀምር ክሩ እጄ ላይ ተተበተበ። አጠገቤ የሚያጠምዱ አንድ የዙሉ ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው መጥተው ፈቱልኝ። መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር አሳዩኝ፤ ለማጥመጃ የዶሮ ጉበት ሰጡኝ፤ ምሳቸውንም አካፈሉኝ። ከዘረፋው ወዲህ ከአገሩ ሰው ጋር እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ሱቄ መዘረፉን ሳወራቸው፣ «ሱቅህ የት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ሰፈሩን ነገርኳቸው። ወንድሜ በዘረፋው ቀን በድንጋይ ተመትቶ እዚያው መሞቱንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ክራቸውን ከውኃው ስበው ጠቀለሉ።

«ከሱቅህ ዱቄት ተሸክሜ ስወጣ ወንድምህ በሩ ላይ ወድቆ ‹አማንዚ፣ አማንዚ› እያለ ውኃ ለመነኝ» አሉ። «ተራምጄው ሄድኩ።»