ስምዎ ይቀደስ

በመተማዋ ሽንፋ ከተማ እግዚአብሔርን አንቱ የሚል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጓደኛዬ አለነ፣ የትራክተር ሹፌሩ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ነው የምንቆመው። ሕዝቡ ሁሉ «አባታችን ሆይ» ብሎ «ስምህ ይቀደስ» ሲል፣ አለነ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ስምዎ ይቀደስ፣ መንግሥትዎ ትምጣ» ይላል። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ይስጡን» ላይ ሲደርስ ሳቄን ለመዋጥ ስንት ዓመት ከንፈሬን ነክሻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቄሱ አንድ ሁለት ጊዜ ሊያርሙት ሞክረዋል። ተራ ሽማግሌ አንቱ እያልኩ ፈጣሪን እንዴት አንተ እላለሁ ብሎ ድርቅ አለባቸው። የጎጃም ሰው አንዴ ድርቅ ካለ ትራክተርም አይጎትተው።

ነገሩ የመጣው ከአባቱ ነው። አባቱ የደጋ ገበሬ ነበሩ፤ ከቤታቸው ሲገቡ ግን ንጉሥ ናቸው። ኮቴያቸው ደጅ ላይ ሲሰማ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር። አለነ አባቱን ቀና ብሎ ሳያይ ነው ያደገው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። አባቱ ሞተው ለቅሶ ሲሄድ እንኳ ፈራ ተባ እያለ ነበር።

አንድ ልጅ አለችው፤ ባየሽ። እናቷ በወባ ስትሞት ገና አራት ዓመቷ ነበር። ሌላ አላገባም። በትራክተር ግራሶ በጠቆረ እጁ ሹሩባ ይሠራላት ነበር፤ ሹሩባው አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ይሆንና ጎረቤታችን ባለሱቋ ዘሀቢያ እየሳቀች ፈትታ ትሠራላታለች። ባየሽ አባቷን አንተ ነው የምትለው። «አባ፣ ና ብላ»፣ «አባ፣ ቆሽሸሃል፣ ታጠብ» ትለዋለች። አገሩ ሁሉ ልጅህን አበላሸሃት አለው። እሱ ግን አንተ ስትለው ሆዱ ቅቤ እንደሚጠጣ ለእኔ ነግሮኛል።

ባለፈው ጥቅምት ባየሽ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። አለነ ተቀጥሮ በሚሠራበት እርሻ ላይ ሰሊጡ ታጭዶና ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ቆሟል። ሰሊጥ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ ያኔ ነካ ካደረጉት ይረግፋል። እኔ መካኒክ ነኝና የአለነን ትራክተር እየጠገንኩ ነበር። ባየሽ ውኃ በአህያ ጭና መጣች፤ ገመዱን ለቀቅ ስታደርገው አህያዋ ነዶው መሀል ገብታ ሦስቱን ገለበጠቻቸው። ሰሊጡ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

ሰሊጡ የባለ እርሻው ነው። አለነ ደሙ ፈላ። ትራክተሩ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን አሮጌ ቺንጋ፣ የሞተሩን የላስቲክ ቀበቶ፣ ነጥቆ ሮጠ፤ እኔም ልይዘው ተከተልኩ። ባየሽ አልሸሸችም። ራሷን በሁለት እጇ ሸፍና ቁጢጥ አለች።

«አይምቱኝ፣ አባ» አለች።

ቺንጋው አየር ላይ ቀረ። አልመታትም፤ ቃሉ ግን ከአፏ ወጥቷል።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንተ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ጠፋ። «ምሳዎ ቀርቧል»፣ «ደህና ይደሩ» ሆነ። ዘሀቢያ አሁን ገና ጨዋ ሆነች ብላ መረቀቻት። አለነ ግን ከሳ። ሹሩባ ልሥራልሽ ሲላት «አይድከሙ» ትለዋለች። ልጄ እቤቴ ውስጥ ሆና ሱዳን የተሻገረች ያህል ራቀችኝ አለኝ።

በአምስተኛው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆመናል። አለነ «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረና «ስምዎ» ላይ ሲደርስ አቋረጠ። ሕዝቡ ጸሎቱን ጨረሰ፤ እሱ እዚያው ቀረ። ስንወጣ ግቢው ውስጥ እጅጌዬን ያዘኝ።

«አባቴን አንቱ ያልኩት ስላከበርኳቸው ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «ለካ ፈርቼ ነው። እግዜርንም ዕድሜ ልኬን አይምቱኝ ስላቸው ነው የኖርኩት። እሳቸው ደግሞ…» ብሎ ወደ ቤተ መቅደሱ ዞረ። «እሱ ደግሞ ቺንጋ አንስቶብኝ አያውቅም።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምን እደብቃለሁ።

ለምሳ ወደ ቤቱ ይዞኝ ሄደ። ባየሽ የማሽላ እንጀራና የባሚያ ወጥ አቅርባ ጥግ ላይ ቆመች። አለነ ቺንጋውን ወንዝ ውስጥ መጣሉን ነገራት፤ ይቅር በይኝም አላት። አንገቷን ደፋች። ማዕዱን ሊባርክ ተነሣ።

«አባታችን ሆይ» አለ። «ስምህ… ስምህ ይቀደስ። መንግሥትህ ትምጣ።» ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ቆሞ መሄድ እንደሚለማመድ ሕፃን ነበር። ባየሽ ቀና ብላ አየችው። ይህን ጸሎት ከአፉ ስትሰማው አድጋለች፤ የተለወጠው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

አሜን ብለን ተቀመጥን። አለነ እጁን ወደ ገበታው አልሰደደም፤ እንባው ጉልበቱ ላይ ይንጠባጠባል። ባየሽ ከጥጓ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለችና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ብላ እንጂ፣ አባ» አለችው። «ይቀዘቅዝብሃል።»