አየር ኃይልና አዲሱ አውሎ

ሆስፒታሉ ውስጥ «አየር ኃይል የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚመራው ወደ ሰማይ ሳይሆን ከደረጃው ሥር ወዳለችው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ፣ የስልክ ማዞሪያው ፊት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል። አውሮፕላን ነክቶ አያውቅም። ገና ጡት ሳይጥል ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የአምቡላንሱ ሾፌር ነው፤ ሰውየው ስለ አውሎ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የሚጮህ ስልክ ብቻ ነዋ።

አውሎን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንንገረው። አውሎ ማለት ነፋስ ጋልቦ የሚበር የፊልም ጀግና ነው። ቀን ቀን ቤት ለቤት እየዞረ የውኃ ቆጣሪ ያነባል፤ ሰው ተጨንቆ የተጣራ ጊዜ ግን ከፎቅ ጣሪያ ላይ ራሱን ይወረውርና መሬት ሊደርስ ሲል ነፋሱ ከሥር መጥቶ ይቀበለዋል። ይሄ ነገር አያሳምንም የሚል ካለ መብቱ ነው፤ ብቻ አየር ኃይል ፊት እንዲህ ብሎ ሲያበቃ ስልክ ቶሎ እንዲዞርለት አይጠብቅ። ድሮ ሦስት ፊልም ተሠራለት። ከዚያ ተዋናዩ አረጀ፣ ነገሩም ተዳፈነ። አሁን፣ ስንትና ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አውሎ በአዲስ ተዋናይ ከሀ ጀምሮ እንደገና ተሠራ ተባለ። ሊታይ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

ሆስፒታሉ ለሁለት ተከፈለ። ምሳ ሰዓት ላይ ሾፌሩ የክፍሏን በር ይደገፋል፣ ፋርማሲስቷ ትርፍ ወንበሩን ትይዛለች፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ ቦታ ስለሚያጣ ቋሚውን ማራገቢያ አቅፎ ይቆማል።

«አዲሱ ልጅ አንገቱ ቀጭን ነው» ይላል ሾፌሩ።

«የሚበረው በአንገቱ ነው እንዴ?» ትላለች ፋርማሲስቷ።

«የድሮውን የማይተካ ከሆነ ምን አነካካቸው?»

«ለአምቡላንሱም እንዲህ ብለህ ነበር። አዲሱ የመጣ ቀን ግን ቁልፉን ታቅፈህ ዋልክ።»

አየር ኃይል ከልቡ ይስቃል። እሱን የአንገት ጉዳይ አያሳስበውም። የፊልሙን ማስታወቂያ ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሳ በቃሉ ይዞታል። ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት አንዲት አጭር ጸጥታ አለች፤ እሷ ላይ በደረሰ ቁጥር፣ የፈለገውን ያህል ቢሰማት፣ ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር የሰው እጅ ሊሠራው መቻሉ ራሱ ይደንቀው ነበር።

ዓይነ ስውር ሰው ፊልም እንዴት ያያል ለሚል፣ በእታለም አፍ ነው መልሱ። እታለም ታላቅ እህቱ ናት። ሁለቱም ትዳር ሳይዛቸው በወላጆቻቸው ቤት አብረው ቀሩ፤ እሷ ሳሎኑ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የመጀመሪያውን አውሎ ሲያዩ እሷም ልጅ ነበረች። ከግራው ተቀምጣ አፏን ጆሮው ላይ ለጥፋ፣ ድምፁ የማይናገረውን ብቻ ትነግረዋለች። ሳቅ ከተሰማ ሳቀ አትልም፤ ሲስቅ ዓይኑ ወዴት እንደሄደ ትነግረዋለች። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠው ሁሉ ዝም በይ እያለ ሲቆጣት ድምፅዋን እያቀጠነች እያቀጠነች፣ በመጨረሻ ከወንድሟ በቀር ማንም የማይሰማት ሆነች። ሦስቱንም ፊልም እንዲህ አዩዋቸው፤ የሚወዱትንም ደጋግመው ሄዱለት።

ነገሩ የተበላሸው ረዘም ያለው ማስታወቂያ የወጣ ቀን ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ ስልኩን ማዞሪያው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። አለቀ። ሾፌሩ እንኳ ስለ አንገት አላነሳም።

«ከመዝለሉ በፊት ዓይኑን መጨፈኑን አልቀየሩበትም?» አለ አየር ኃይል።

«የምን መጨፈን?» አለ ባለሙያው።

«አውሎ ነዋ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይዘላል።»

ባለሙያው የድሮውን ፊልም ፈልጎ ያንኑ ቦታ አወጣ። ሾፌሩም ጎንበስ ብሎ አየ። ፋርማሲስቷም ስልኩን ተቀብላ አየችና እጇን አየር ኃይል ትከሻ ላይ አደረገች።

«ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ነው የሚዘለው፣ ወንድሜ። ምናልባት ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብህ ይሆናል።»

የዚያን ዕለት የማዋለጃ ክፍሉን የጠየቀ አንድ ባል ከልብስ ማጠቢያው ጋር ተገናኘ። አየር ኃይል በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርቶ አያውቅም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኖ ዋናውን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሲሻገር፣ በትሩን ይዞ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አንድ እርምጃ ማንሳት አቅቶት ቆሞ ነበር። አውሎም ሲዘል አያይም ብሎ ተራመደ። ለዚህ ሥራ ሲፈተንም፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጉሮሮ መጥረግ በቀር ምንም የማይሰማበት ክፍል ውስጥ ሲገባ፣ ያንኑ ብሎ ገባ። ሌላው ሰው አውሎን የወደደው ስለሚበር ነው። እሱ የወደደው ሳያይ ስለሚበር ነበር።

ቤት ሲደርስ የልብስ ስፌት መኪናው ይንኳኳል።

«እታለም፣ አውሎ ሲዘል ዓይኑን አይጨፍንም አሉኝ።»

መኪናው ቆመ።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሦስት ሰው አይቶ።»

እታለም ጨርቁን አጣጥፋ ስታስቀምጥ ሰማት። «ልጅ ነበርኩ» አለች። «እንዴት አይፈራም ብለህ ጠየቅኸኝ፤ ዓይኑን ጨፍኗል አልኩህ። አንተ እጄን ጨብጠህ ‹እንደኔ?› አልክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ከዚያ ወዲያ በምን አንጀቴ ልመልሰው?»

«በሁለተኛውስ? በሦስተኛውስ?»

ያጣጠፈችውን ጨርቅ ዘርግታ እንደገና ስታጣጥፍ ሰማት።

«ሌላስ ምን ፈጥረሽልኛል?»

«ምንም።»

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ችግሩ አየር ኃይል የበላው ሁሉ ከአንድ እጅ መሆኑ ነው፤ አሁን ጥሬውን ከብስሉ በምን ይለይ? የእናታቸው ፎቶ ላይ ያለው ፈገግታ፣ የመጋረጃው ቀለም፣ ገና አልሸበትኩም የምትለው ፀጉሯ፣ ሁሉም አጠራጠረው። ራቱን ሳይነካ ተኛ። ጠዋት ሲወጣ ፊልሙን ከሾፌሩ ጋር እንደሚያይ ነገራት። «እሺ» አለች፤ ክር በጥርሷ ይዛ ስለነበር ድምፅዋ በደንብ አልተለየለትም።

ሾፌሩ ኃላፊነቱን በደስታ ተቀበለ። እንደውም እንለማመድ ብሎ ማስታወቂያውን ከፈተና መተረክ ጀመረ።

«ቆመ። ዘለለ። በረረ። መታው። አቤት አመታት!»

«ሲቆም ፊቱ ምን ይመስላል?»

ሾፌሩ አሰበበት። «ፊት ነዋ» አለ።

አየር ኃይል ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ቋንቋም አያንሰውም። ታዲያ ያኔ ልጅ የነበረችው እታለም ያንን ሁሉ ከየት አመጣችው? እሳትን፣ ባሕርን፣ ከላይ የሚታይ ከተማን፣ አንዱንም አይቶ ለማያውቅ ወንድሟ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ዙሪያዋን ሰው እየተቆጣት፣ ቃል እየመረጠች አስገብታለታለች። ማንም አላስተማራትም። እሷ ራሷ ፊልሙን መቼ አይታ ትደሰት ነበር? ይህን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ተገረመ ማለት አይበቃም፤ ደነገጠ። ከአውሎ መብረር ይልቅ ይሄኛው ገዘፈበት።

የውጭ መስመር ይዞ ቤት ደወለ።

«ትኬት ሁለት ነው የያዝኩት» አላት።

«ከሾፌሩ ጋር አይደለም እንዴ?»

«ሾፌሩ አምቡላንሱን ይንዳ። ብቻ እታለም፣ ያለውን ብቻ ንገሪኝ። ከሌለ የለም በይኝ።»

«ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርህ» አለች።

ፊልሙ በወጣበት የመጀመሪያ ቀን ከሲኒማ ቤቱ ደጅ ያለው ሰው መንገዱን ዘግቶት ነበር። አንዳንዱ የቤት መጋረጃ እንደ አውሎ ካባ ትከሻው ላይ አስሮ መጥቷል፤ እታለም ባለሙያ ናትና ስፌቱን እየተቸች አለፈች። ከፊታቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ የድሮውን አውሎ ያዩት ጢማቸው ሳይሸብት እንደነበር ለሁሉም ይናገራሉ። ገብተው ተቀመጡ። መብራቱ ሲጠፋ አየር ኃይል ወዲያው አወቀ፤ ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ። ይህን ያህል ዓመት ሲጠብቅ የኖረው እሱ ብቻ እንዳልነበረ ገባው።

እታለም ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ቃል ይመዝን ነበር። አንገቱ እውነትም ቀጭን ነው አለችው። ሸሚዙ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስላል፣ እጅጌው አጥሮበታል። ቆጣሪ ሲያነብ ከንፈሩን እንደ ተማሪ ያንቀሳቅሳል። ቀስ በቀስ መመዘኑን ረሳው። ልጁ ፊት ለፊቱ ቆመ፣ ቀጭን፣ ሥራውን አክባሪ፣ ብቸኛ። ከዚያ ቤት ተቃጠለ፣ አንዲት ሴት ከመስኮት ተጣራች፣ ልጁ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ጣሪያው ላይ ደረሰ። ሙዚቃው ቆመ።

ያቺ ጸጥታ መጣች። አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። እታለምም ዝም አለች።

«ዓይኑስ?» አላት በሹክሹክታ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ፊትሽ ነው ያለው።»

እጇን ሲይዘው በረዶ ሆኗል። እጁን ወደ ፊቷ አነሣ፤ ጣቶቹ ጉንጯን አልፈው ዓይኗ ላይ ደረሱ። ሽፋኖቹ ጥብቅ ብለው ተጨፍነዋል፣ ከሥራቸው ይርገበገባሉ።

«ከፍታ አልችልም» አለችው። «ታች መሬቱን ሲያሳዩ የምወድቅ ይመስለኛል።»

«ድሮም?»

«ድሮም። ሲዘል አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። መፍራቴ እንዳይታወቅብኝ ነው እሱ ጨፈነ ያልኩህ።»

አየር ኃይል እንባው መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ጣሪያ ጫፍ ላይ ዓይኑን የጨፈነ አንድ ሰው ከጎኑ ነበረ፤ ዓይኗን ጨፍናም ታሪኩን አላቋረጠችበትም። ከወንበሮቹ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ መነሣት ጀመረ። ጎንበስ ብሎ አፉን ጆሮዋ ላይ ለጠፈ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ዘለለ» አላት። «ልብሱ ሲውለበለብ ይሰማኛል… ገና እየወደቀ ነው… ሰዉ ከታች ይጮሃል… አሁን ነፋሱ መጣ፣ ከሥር ነው የመጣው፣ ድምፁ ከበደ… ያዘው። ይዞታል፣ እታለም። አሁን ክፈቺ።»