በሰባት ቤት ያልተቆጠሩት

ቀራንዮ ውስጥ ቤቴን ለማግኘት ስሜን ማወቅ አያስፈልግም። አየር ጤና ፌርማታ ላይ ወርዶ «የዶክተር ቤት» ያለን ሰው እስከ ደጄ ያደርሱታል። ዶክተር አይደለሁም። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ በአንድ ክሊኒክ ጠራጊ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ሐኪሙ የጣለውን ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ከቅርጫት አነሳሁ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ በሁለት ክረምት ጨረስኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በሰፈራችን መርፌ ቀቅሎ የሚወጋ፣ ቁስል የሚሰፋ ከኔ ሌላ አልነበረም። ሽማግሌዎች እኔን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ይነሱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጄ መክሊት አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀት ላይ ካሬና ክብ ትስል ነበር። አንዱን ካሬ በእርሳስ አጠቆረችው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«የአንድ ታካሚ ቤተሰብ ነው፣ አባባ። ካሬው ወንድ፣ ክቡ ሴት። እናትየው ዘረ መል ላይ አንዲት ስህተት አለች፣ ሚውቴሽን እንላታለን። እናትየውን ብዙም አትጎዳትም። ወንድ ልጅ ሲወርሳት ግን ደሙ አይረጋም።»

«ይሞታላ?»

«ድሮ ነዋ! ዛሬ የጎደለውን የደም ማርጊያ በመርፌ እንሰጠዋለን። ይኼ ልጅ ኳስ ይጫወታል።» ከዚያ ሳቀች። «ይህቺን እንኳ እርስዎም አያውቋትም።»

«አንቺ ሳትወለጂ እንዲህ ያለ ወረቀት ስያለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። እውነቴን ነበር። በኔ ወረቀት ላይ ግን ክብ አልነበረም።

ያኔ በወጣትነቴ፣ ጎረቤታችን አናጢው አቶ ወልዴና ሚስቱ እትዬ አስካለ ሁለት ወንድ ልጆች ወልደው፣ ሁለቱም በስምንተኛው ቀን ተገርዘው ደማቸው ሳይቆም ሞተውባቸው ነበር። ሦስተኛውን፣ አበራን፣ እናቱ አላስገርዝም ብላ አምስት ዓመት ሞላው። የሰፈር ልጆች ጭቃ እየወረወሩ «ወሸላ! ወሸላ!» ይሉታል። ጉልበቱና ክርኑ ሁልጊዜ የበለዘ ስለነበር ሴቶቹ እናቱን በድብደባ ያሟት ነበር። የወልዴ ዘመዶች ደግሞ ዘሯ የተበላሸ ነው፣ ይፍታት ብለው ተነሡ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ለጋብቻ እንደሚደረገው ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ፤ ጸሐፊው እኔ። መስከረም ነበር፤ ከቤቱ ጓሮ የበቆሎ እሸት እየተጠበሰ ይቀርብልናል። ከወልዴ በኩል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ ሰባት ወንድ ጻፍኩ። ከአስካለ አባት በኩልም ሰባት። አሥራ አራት ስም፣ አንድም ደም ፈስሶት የሞተ የለም። ወረቀቴ በጣም ቆንጆ ነበር።

የአስካለ እናት እማማ ድንቄ ከበሩ አጠገብ ተነሡ።

«ልጄ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ ደም እየፈሰሳቸው ነው የሞቱት። የእናቴም ወንድም ጥርስ ተነቅሎ እንዲሁ።»

«እማማ፣ ዘር በሴት አይቆጠርም። ይቀመጡ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«እናንተ ስም ትቆጥራላችሁ» አሉ፤ «እኔ የቀበርኩትን ነው የምናገረው።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ ብያኔዬን ሰጠሁ፤ ዘሩ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የገራዡ ቢላ ነው። መጽሐፌ ስለ ቆሸሸ ቢላ ረጅም ምዕራፍ ነበረው፤ ስለ እናቶች ያለውን አላስታውስም፣ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል። ገራዡ ጋሽ ተሰማ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ የገረዙ ሰው ነበሩ። በማግስቱ ጎረምሶች ቤታቸው ሄደው የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣት በድንጋይ ሰበሩ። ሲሰብሩ ቆሜ አየሁ። «እጄ አንተንም አልገደለህም፣ አንተ ልጅ» አሉኝ።

አበራን እኔ እንድገርዘው ተስማሙ። እናቱ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር፤ ባሏ ጎትቶ አነሣት። ምላጩን ቀቀልኩ፣ ደም ያቆማል የሚል ጽሑፍ ያለበትን መርፌ ወጋሁት። ልጁ በቆሎውን እየጋጠ መጣ። የበለዘ ጉልበቱን በአልኮል ስጠርግ ግጭት ነው ብዬ አለፍኩት።

«ዶክተር፣ ከዛሬ ወዲያ ወሸላ አይሉኝም አይደል?»

«ማን ደፍሮ!» አልኩት።

ገርዤ ሰፋሁት፤ ደሙ ከስፌቱ መካከል ተንጠበጠበ። አጥብቄ አሰርኩት፤ ፋሻው ረጠበ። ክሊኒክ እንውሰደው ሲሉኝ «እኔ እያለሁ?» አልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ከንፈሩ እንደ ጠመኔ ነጥቶ ሞተ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሁሉም እኔን ያያል። ስሜ፣ መርፌዬ፣ ሁለት ክረምት ያነበብኩት ሁሉ በዚያች ሰዓት ሊያበቃለት ነው። ከወደ ጥግ አንዱ «የተሰማ እርግማን ነው እንጂ የዶክተር ምላጭማ ተቀቅሏል» አለ። ፊቶች ወደ እኔ ዞሩ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ያን ዕለት ጎረምሶቹ የጋሽ ተሰማን ጎጆ አቃጠሉ። አስካለን ባሏ ፈታት፤ እናቷን ይዛ ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ጋሽ ተሰማን ከዓመታት በኋላ ቆሼ አጠገብ ሳልፍ አየኋቸው፤ በሦስት ጣት የቆርቆሮ ጣሳ ከቆሻሻ ውስጥ ያወጡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። መንገዴን ቀጠልኩ።

መክሊት «አባባ፣ የሳሉት ወረቀት የታል?» ስትለኝ ጠፋ አልኳት። ሣጥኔ ውስጥ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊቷ ላወጣው እችል ነበር። አላወጣሁም።

የሠራሁትን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛን ብቻዬን ተምሬያለሁ። በሰፈሬ የመጀመሪያውን መድኃኒት ቤት ከፍቻለሁ። ከአበራ ወዲህ ሕፃን ሳይገረዝ በፊት የእናቱን ወንድሞች ሳልጠይቅ አላልፍም፤ በዚህም ሦስት ቤት «ይህ ልጅ አይነካ» ብዬ አስቁሜያለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አላብራራሁም። ልጆቼን አስተምሬያለሁ፣ የልጅ ልጄን ሐኪም ላደርግ ነው። የጋሽ ተሰማ ቢላ ንጹሕ እንደነበረ እያወቅሁ ሰፈር ለቀሩት ልጆቻቸው ሳልነግር፣ እነሱም ጥፋቱ የአባታቸው ነው ብለው በየበዓሉ እጄን እየሳሙኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬያለሁ። ይህንንም የቻልኩት ያለ አስተማሪ ነው።