የእጅጉ ጣት እና የእጅጉ ቃል

በቡሬ ገጠር ክረምት ሲገባ ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እንደ እንግዳ በየደጁ ይቆማል። እጅጉ በዚያ ጉም ውስጥ ባሏን ታየዋለች። ገነነ ከሞተ ወዲህ ብዙ በቆሎ ተዘርቶ ብዙ በቆሎ ተሸልቅቋል፤ እሱ ግን ጋቢውን ጤዛ አርሶት ከማሳው ይመጣል፣ ከምሰሶው ሥር ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ስለ ገዳዩ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እሷም ልትጠይቀው ትከጅልና ድምፁ ይጥማታል፤ የዝናቡን ወሬ እየሰማች ስታንጎላጅ ጉሙ ይገፈፋል፣ ምሰሶው ብቻውን ይቀራል።

ነገሩ የተጠነሰሰው በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ድልድል ነው። ይሄይስ የሚባል ካድሬ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ፣ መለኪያ ገመድ አስይዞ መጣ። ይሄይስ ዓለምን የተማረው ከበራሪ ወረቀት ስለሆነ ሰውን ሁሉ በአርእስት ነበር የሚያየው፤ ያኛው ጭቁን፣ ይኸኛው ቢሮክራት፣ ያ ማዶ ያለው ቅሪተ ፊውዳል። የገነነ አባት በንጉሡ ዘመን ለጥቂት ክረምት ጭቃ ሹም ነበሩ። ከሹመቱ የተረፋቸው አንድ ብል የበላው ካፖርት ነው። ካፖርቱ ለልጃቸው ወረደ፤ ፊውዳልነቱም አብሮ ወረደ። እንግዲህ በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ከሰው በሬ አቀናጅቶ የሚያርስ ፊውዳል ተገኘ ማለት ነው። ግማሽ ማሳው ተቆርሶ ለጎረቤቱ ለአለበል ተሰጠ። አለበል የሰው መሬት አልለመነም፤ የሰጡትን ግን እምቢ የሚል ገበሬ ገና አልተወለደም።

ዓመቱ ሳይዞር ሁለቱ ጥማዳቸውን ይዘው ድንበሩ ላይ ተገናኙ። ተሰዳደቡ። አለበል ዱላ ሰነዘረ። ገነነ እዚያው እርሻው ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ሞተ። ይሄይስ ጉዳዩን በስብሰባ ላይ «በአርሶ አደሩ መካከል የታየ የአመለካከት ችግር» ብሎ ገመገመው። ከሁለቱ ባለችግሮች አንዱ ወዲያው ተፈወሰ፤ ሌላው ሃያ ዓመት ተፈርዶበት ፍኖተ ሰላም ወረደ።

እጅጉ አላገባችም። ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ጥጥ እየፈተለች ልጆቿን አሳደገች። በአገሩ የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው፦ በጨዋነቷ። ታላቅ ሲያልፍ ተቀምጣ አትታይም። የቆመ ሽማግሌ ካየች በርጩማ ይዛ ትወጣለች፤ የወደቀ ካየች ሮጣ ታነሣለች። እናቷ እንዲህ ስላሳደጓት ይህ ከእሷ ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጥ ነገር ነበር።

አዲሱ ሺህ ዓመት ሊገባ ሲል ሬዲዮኑ ይቅርታ ይቅርታ ማለት አበዛ። መንግሥት በዓሉን አስታኮ እስረኛ ሊፈታ ነው። ነፍስ ያጠፋ ግን ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቁን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ ተባለ። ማንም ያልሞተበት መንግሥት ይቅር ለማለት የሞተባትን ሴት ፈቃድ ጠየቀ፤ መቸም ከሥራዎቹ ሁሉ ይህ ይሻላል።

በዚያ አገር ደም ሲታረቅ ገዳዩ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ዘመድ ፊት በግንባሩ ይደፋል። ተነሥ እስኪባል አይነሣም። ተነሥ ከተባለ ግን ቃል ወጣ፣ ደም ደረቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቂም ቢነሣ ነውሩ የሟች ወገን ነው። አለበል እስር ቤት ነው፤ እስረኛ ወጥቶ የሚደፋበት መመሪያ ደግሞ ማንም አላረቀቀም። ስለዚህ እናቱ እማማ አልጣሽ ተተኩ።

በነሐሴ አንድ ጧት፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች እጅጉ ደጅ ቆሙ። ከፊት የንስሐ አባቷ መምሬ ክንፈሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ እማማ አልጣሽ ድንጋዩን ተሸክመው። አሮጊቷ ጭቃው ላይ ተደፉ።

«እጅጉ ልጄ፣ እግዜር የሚለውን ታውቂያለሽ» አሉ መምሬ።

«እግዜርን አውቀዋለሁ አባቴ። አለበልን ነው የማላውቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም።»

«እናቱ መጥተው የለ?»

«እናቱ ምን አደረጉኝ? የምጠይቀው አለኝ። እሱን ነው የምጠይቀው።»

«እሱማ በምን ይምጣ?»

ዝናቡ መጣል ጀመረ። በእማማ አልጣሽ ነጠላ ላይ ጠብታው ይሰማል። እጅጉ ዓይኗን ወደ ጉሙ ሰደደች፤ ገነነ ከወዲያ የቆመ መሰላት። ድንገት አሮጊቷ ሳሉ። አሳሳላቸው ከጎድናቸው ሥር የሚመጣ፣ ደረቅ ነበር።

«ኧረ ይነሡ እማማ፣ ብርዱ ይገባብዎታል» አለች እጅጉ።

ሽማግሌዎቹ «ተመስገን» አሉ በአንድ አፍ። አንዱ ድንጋዩን አነሣ፣ አንዱ አሮጊቷን ደገፈ፣ መምሬ መስቀሉን ሊያሳልሟት ቀረቡ። እጅጉ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ እኮ ስለ ብርዱ ነው።»

«ቃል ወጥቷል ልጄ።»

«የወጣው ለእሳቸው ነው።»

«ምስክሮቹ ሰምተዋል» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። ሽማግሌዎቹም ቁርስ ሳይቀምሱ ስለመጡ ያለቀውን ነገር እንደገና ለመክፈት የፈለገ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ እጅጉ ለጣት ፊርማ ወደ ፍኖተ ሰላም ተሳፈረች። አውቶቡሱ ጉሙን እየሰነጠቀ ሲወርድ ገነነ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ረዳቱም ሒሳብ አልጠየቀው። «ምን ልበል?» አለችው። በመስኮቱ ወደ በቆሎው እያየ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» አላት። ከተማው ሲደርሱ አልወረደም።

የይቅርታው ቅጽ የሚሞላበት ቢሮ በር ላይ መምሬና እማማ አልጣሽ ይጠብቋታል።

«ይሄይስ እንኳ ወጣ» አሉ አሮጊቷ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ሁሉ።

እውነት ነበር። ባለገመዱ ይሄይስ የማዳበሪያ መጋዘን ተሾሞ መጋዘኑ እጁ ላይ ጎድሎበት ታስሮ ነበር። መዝገቡ ተበዳዩን «ሕዝብና መንግሥት» ይለዋል። መንግሥት ይቅር አለው። ሕዝብ ደግሞ ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ ስለሌለው አልተጠየቀም። ይሄይስም ቡሬ መናኸሪያ ፊት ለፊት እግሩን አነባብሮ ጫማ ሲያስጠርግ ታየ።

«እሱስ በማን ፊት ተደፋ?» አለች እጅጉ።

«በማን ይደፋል ብለሽ ነው» አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

ውስጥ ያለው ጸሐፊ ወጣት ነው። «እናቴ፣ በፈቃድዎ ነው የታረቁ?» አላት።

«አልታረቅሁም። እማማ አልጣሽን ይነሡ አልሁ።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«ያንኑ ጻፈው።»

«ለእሱ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ታርቀዋል ወይስ አልታረቁም ነው የሚለው።»

«እንግዲያ እሱን አምጡልኝና ፊቴ ይደፋ።»

«ከእስር ቤቱ ግቢ ማውጣት አይፈቀድም። ሲፈታ ይደፋል።»

«ከተፈታ በኋላ የሚደፋ ሰው አይተህ ታውቃለህ ልጄ?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አገላበጠ። «አላየሁም እናቴ።»

በበሩ በኩል የእማማ አልጣሽ ጀርባ ይታያል። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ ማሳቸውን የሚያርስላቸው ጠፍቶ አረም ውጦታል። ይሄይስ ወጥቶ እሳቸው ጭቃ ላይ ሁለተኛ ይደፉ? እጅጉ አውራ ጣቷን ዘረጋች።

«ጣቴን ውሰድ። ቃሌን ግን አልሰጠሁም። ይህን ለአለበል ንገሩልኝ።»

ጸሐፊው ጣቷን ቀለም አስነካ። ቅጹ ለጣት ቦታ ነበረው።

አለበል በእንቁጣጣሽ ተፈታ። ሬዲዮኑ ስለ ታራሚዎች መታነጽና ስለ ሕዝቡ ይቅር ባይነት ሰፊ ሐተታ አሰማ፤ ሕዝቡም ይቅር ማለቱን በዚያው ሰማ። መንደሩ ሰውየውን ሲጠብቅ ሰነበተ፤ አልመጣም። ቡሬ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል አሉ። እናቱ ሄደው ቢለምኑት «ቃሏን አልሰጠችም ብለውኛል፤ በደጇ ሳላልፍ የምገባበት መንገድ የለኝም» አላቸው።

ኅዳር ገብቶ፣ በቆሎው በየጎታው አፍ ተቆልሎ ሳለ፣ እጅጉ ደጇ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ከጧቱ ጉም ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ገነነ መስሏት አንገቷን ቀና አደረገች። ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው፤ ድንጋይ ተሸክሟል። ሽማግሌ አላስከተለም፣ ካህን አላስቀደመም። መጥቶ በግንባሩ ተደፋ።

«ማን ላከህ?» አለች እጅጉ።

«ማንም።»

«መምሬስ?»

«አያውቁም።»

«ወረቀቱ እኮ አልቋል። ነጻ ነህ።»

«ነጻ ነህ ይሉኛል» አለ አለበል ግንባሩን ከመሬት ሳያነሣ።

እንዝርቷ ቆመ። ይህን ጥያቄ ስንት ጧት በሕልሟ ይዛ ዞራለች፤ አሁን አፏ ላይ ቀለላት።

«ገነነ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

 ድንጋዩ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

«ፀሐዩ ከበደኝ፣ አዙረኝ አለ።»

«አዞርኸው?»

«አዞርሁት። ጥላ ውስጥ አደረግሁት። ከዚያ አንድም ነገር አልተናገረም።»

እጅጉ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ከዚህ በፊት ስታስበው ገነነ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ነበር የሚሞተው። ጉሙ እየሳሳ ማሳው ወለል አለ፤ ድንበሩ ግን ከዚህ ሆና ስታየው አይለይም። ወንዝ ማዶ እረኞች ከብት ይጣራሉ። የሚያጣድፋት ሽማግሌ፣ የሚሞላ ቅጽ፣ የሚደርስ በዓል አልነበረም።

«ቆይ» አለችው። «ገና እያሰብሁ ነው።»

ጥጧን ከጭኗ አንሥታ እንዝርቷን አሽከረከረች። አለበልም ቆየ።