በማሽላው ውስጥ የቀረው ክትባት

የቆርቆሮ ጣሳ ከበርሜል ጠርዝ ጋር ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይደነግጣል። በጦርነቱ ዓመት ከወልድያ ሸሽተን ግራና ከተማ አክስቴ ቤት ተጠግተን ሳለን፣ አሥራ ስድስት ሰው በአንዲት ጣሳ ይጠጣ ነበር፤ አንዱ ተጎንጭቶ ትርፉን ለሌላው ሲያቀብል «እንካ፣ በረካ አለው» ይባል ነበር።

የእኔ ጥፋት ግን ከዚያ ቀድሞ፣ እኔ ሰባት፣ ታናሽ እህቴ ሉባባ አምስት ዓመታችን ሳለ የተጀመረ ነው። የማጅራት ገትር ክትባት ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በጥቅምት፣ ማሽላው ሰው በሚውጥበት ወቅት ነበር። እናቴ እህቴን አስይዛኝ «ሂዱና ተከተቡ» ብላ ላከችን። እኔ ከጅብ ይልቅ መርፌ እፈራ ነበርና፣ ሉባባ ከጓደኞቿ ጋር ልሰለፍ እያለች ብታለቅስም፣ ጎትቼ ማሽላው ውስጥ ደበቅኋት። ከዚያም በእሾህ ክንዳችንን ጠቅ ጠቅ አድርጌ፣ ነጥቧን እያሳየሁ ቤት ገባሁ። እናቴ አመነችን።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደርሶብን ግራና ስንገባ ሉባባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰማን፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ክፍል አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሳበ እንተኛ ነበር። መስኮቱም ጥይት እንዳይገባ ተብሎ በአሸዋ ጆንያ ተደፍኖ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ሉባባን ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛት፣ አንገቷም አልታጠፍ አለ። አክስቴ «ያለ ትራስ ተኝታ ነው» እያለች ማጅራቷን በቅቤ ታሽላት ጀመር። ጤና ጣቢያው ባዶ ስለነበር እናቴ ጋሽ ሰይድን አስጠራቻቸው። ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ የድሮ ጤና ረዳት፣ ነበሩ፤ የቀረቻቸውን ጥቂት የመርፌ መድኃኒት እህል ጆንያ ውስጥ ደብቀው፣ እጅግ ለባሰበት ብቻ ይሰጡ ነበር። የሉባባን አገጭ ወደ ደረቷ ሊያጥፉ ሲሞክሩ ጮኸች።

«የማጅራት ገትር ክትባት ወስዳለች ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን ጋሼ፣ ሁለቱም ተከትበዋል» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ሌላ ነገር ይሆናል። እስቲ እስከ ነገ እንያት» ብለው ሄዱ።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እናቴን ፈራሁ፣ ውሸቴን ፈራሁ፣ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሉባባ እናታችንን አላወቀቻትም። ያን ጊዜ ጋሽ ሰይድ ቤት እየሮጥኩ ሄጄ «አልተከተበችም፣ የደበቅኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ ጆንያውን ፈትተው መድኃኒቱን ይዘው ተከተሉኝ። መርፌውን ከወጓት በኋላ የተደፈነውን መስኮት ራሳቸው ከፈቱና «በሽታው በምራቅና በትንፋሽ ነው እሚሄድ። ከእንግዲህ ሁሉም በየራሱ ይጠጣ፣ ልጆቹም ተራርቀው ይተኙ» አሉ። ከዚያ በኋላ እኛ ልጆቹ ሳምንት ሙሉ፣ በየጠዋቱ አንገታችንን እያጠፍን፣ ተረኛው ማን ይሆን እንል ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ሌላ ልጅ አልታመመም። ሉባባም ዳነች፣ በሽታው የደፈነው ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። እናቴ የነገርኳትን ሰምታ አንድም ቀን አልመታችኝም፣ የማሽላውን ቀን ለማታስታውሰው ለሉባባም አልነገረቻትም፤ ያን ለእኔ ተወችው።

ዛሬ የምንኖረው መርሳ ነው። ከታቢዎች ሲመጡ የጎረቤቱን ልጆች ሰብስባ የምታሰልፈው ሉባባ ናት፣ የሚያለቅሰውን አቅፋ ትይዘዋለች። ያኔ በምትሰማበት ሰዓት ፈርቼ ዝም አልኩባት፤ አሁን ልነግራት ስፈልግ፣ ከንፈሬን እንድታነብ ፊቷን እስክታዞርልኝ መጠበቅ አለብኝ፣ ስታዞርልኝ ደግሞ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።