ቀጠሮ የማያውቅ ጠላ

ባለፈው እሑድ እህቴ ሰብለ ሀና ማርያም ወዳለው ቤቴ ስትመጣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የጠላ ጠርሙሶች ይዛልኝ መጣች። የአንዱን ቆርኪ ስከፍት ያች «ፍስስ» የምትል አጭር ድምፅ ተሰማች፤ ሳላስበው ፊቴን አዞርሁ።

«አሁንም ትፈራዋለህ?» አለች እየሳቀች።

ፍርሃቴ የጀመረው ሽማግሌዎች እርሷን ሊጠይቁ በመጡበት ዓመት ነው። እኔ ገና ተማሪ ነበርሁ። ሰብለ ጠላ እያጠራች፣ ጥቂት ስኳር ጨምራ በቢራ ጠርሙስ ታሽግ ነበር፤ ጋዝ እስኪይዝም ከአልጋዋ ሥር ታቆየዋለች። ሽማግሌዎቹን በዚያው ልታስተናግድ ቆርጣ ነበር። አባታችን ግን የጠርሙስ ጠላ አይዋጥላቸውም ነበር።

በቅበላ ሰሞን ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ፣ መልስ ሳያገኙ ምንም አልቀመሱም። አባታችንም እንደ ወጉ፣ «የልጅ ነገር አይቸኮልም፤ ዘመድ እናማክርበት» ብለው ለዳግማይ ትንሣኤ ቀጠሯቸው። ሁሉም ወጉን ጠበቀ፤ ያልጠበቀው ጠላው ብቻ ነበር።

የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሯችንን ሲያግለው ጠላው መፍላቱን ቀጠለ። አንድ ቀትር ላይ ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ ፈነዳ።

«ምንድን ነው?» አሉ አባታችን ከግቢ።

«የመኪና ጎማ ይሆናል» አለች ሰብለ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ጎማ ጌሾ ጌሾ መሽተት የጀመረው መቼ ነው?» ብለው ገቡ። ስብርባሪውን አይተው ተቆጡ። «እንግዳ ፊት ቢፈነዳስ? ልጃቸውን በቦምብ ዳሩ ልባል? ዳግመኛ ከሰማሁ ሁሉንም ትደፊዋለሽ!»

ሰብለ አለቀሰች። ልቅሶዋን የሰሙት ጎረቤታችን ጋሽ ቶላ ከአጥር ማዶ ጠሯት። ሰፈሩ ሁሉ እርሻ ሳለ ገብስ ያኖሩበት የነበረ ጉድጓድ በጓሯቸው ባዶውን ቀርቶ ነበር።

«አምጪያቸው ልጄ፤ እዚያ ውስጥ በጋ ገብቶ አያውቅም» አሏት።

የእናታችንን ሰፌድ እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ አስሬ ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ እየጠቀለልሁ አጓጓዝኋቸው። አተላው እንዲረጋ አቁመን ደረደርናቸው። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጆሮዬን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ደፍቼ አደምጥ ነበር። ከአፈሩ ሽታ በቀር የሚመጣ ነገር አልነበረም።

በዳግማይ ትንሣኤ አባታችን «እሺ ብለናል» አሉ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ተቀመጡ። ሰብለ የጉድጓዱ ቅዝቃዜ ያልለቀቀውን ጠርሙስ ስታቀርብ አባታችን ወንበራቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሳቡ። ፍስስ አለ። አረፋው እስከ ጠርሙሱ አንገት ወጣና ተመልሶ ወረደ።

ትልቁ ሽማግሌ ቀምሰው ጠየቁ። «ማን ጠመቀው?»

«ልጄ ናት» አሉ አባታችን፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት እየመለሱ።

«እንኳንም ቀጠራችሁን! መቆየቱ በጅቶታል።»

ሰብለ ወደ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደገፈች፤ እኔም አጠገቧ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ የያዝነውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቅነው።

ዛሬ ጉድጓዱ በነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። ስለ ትዕግሥት የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሰውም እንደዚያ ጠላ ሳይፈነዳ የሚቆየው ቀዝቃዛ ስፍራ የሚሰጠው ጎረቤት ሲያገኝ እንደሆነ ግን የተማርሁት ከጋሽ ቶላ ጓሮ ነው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ሰብለ እንድትከፍተው ሰጠኋት።