ሁለቴ የተለካ ቡና

ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሸቤ ውስጥ፣ የገበሬ ማኅበሩ የቀድሞ ቀያሽ ቡና በገመድ ተለካ። እኔ ያኔ ከጂማ ለሬዲዮ ዜና የምልክ ሪፖርተር ነበርኩ። ያን ቀን የሄድኩት ግን ለዜና አልነበረም።

ከሰባት ዓመት በፊት ይህ ሰው የአባቴን ቡና ለክቶ ነበር። የመሬት አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአሥር ሄክታር በላይ አይፈቅድም። በእኛ ዘንድ ቡና በተከላው ይጠራል። አባቴም ሲጠየቁ እንደዚያው አሳዩት፤ የአያቴ ተከላ፣ የራሳቸው ተከላ፣ እኔ ስወለድ የተከሉት። ያረጀ ግንድ በወደቀበት ችግኝ ስለሚተካ፣ አንዱ ተከላ ሌላው ውስጥ ይገባል። ቀያሹ ሦስቱንም ለየብቻ ለካ፤ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት። ደመረና አሥራ ሁለት አለ። ትርፍ የተባለው ሁለት ሄክታር ተወሰደ። የአባቴ ምርጥ ቡና እዚያ ላይ ነበር።

ያኔውኑ የልኬቱን ወረቀት ገልብጬ፣ ጂማ ሄርማታ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ሦስቱን ተከላዎች እንደ ልኬታቸው በአራት ማዕዘን በባለካሬ ወረቀት ላይ ሣልኩ። የየአንዳንዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ባለበት ከላይ እስከ ታች አሰመርኩ። አራት ረድፍ ወጣ። ከግራ ወደ ቀኝ እየሄድኩ፣ በየረድፉ የትኛው ተከላ እንደገባ፣ የትኛው እንዳበቃ ጻፍኩ። የተደራረበውን አንዴ ብቻ ቆጠርኩ። የውጭውን ጠርዝ በቀይ ስከተል አሥር ማዕዘን ያለው አንድ ቅርጽ ቀረ። የአራቱ ረድፎች ስፋት አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ድምሩ አሥር ሄክታር ነው። ትርፍ የለም።

አባቴ ባሉበት ወረቀቱን ለቀያሹ ሰጠሁት። አይቶ ሳቀ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ ቡና በቀይ እስክሪብቶ ይለካል እንዴ?»

«አንዱን መሬት ሁለቴ ቆጥረዋል።»

«ሦስት ቦታ ያሉኝ አባትህ ናቸው። እኔ ያሉኝን ለካሁ።»

«ተው ልጄ፣ አላህ ያያል» አሉ አባቴ።

እኔ ግን ለአላህ ብቻ አልተውኩትም። ወረቀቱን መልሼ ወስጄ አስቀመጥኩ።

ከሰባት ዓመት በኋላ አዲስ የተመረጠው የማኅበሩ ኮሚቴ የሁሉንም መሬት እንደገና ሲለካ ተራው ለቀያሹ ደረሰ። የእሱም ቡና ሦስት ተከላ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ዙሪያውን በእርምጃ ለክቼ፣ በዚያው መንገድ አስልቼ ነበር፤ ዘጠኝ ሄክታር ተኩል። ስሌቱ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የድሮውን ቀይ ሥዕሌን ያውቀዋል። «እንዴት እንለካ?» አለኝ።

«እኚህ ቀያሽ ባስተማሩን መንገድ። በየተከላው ለኩ፣ ደምሩ።»

ቀያሹ ገመዱን ያዘ። «ይደራረባል እኮ! አንተ ታውቃለህ፣ ያንን መስመር አሳያቸው!»

«ቡና በቀይ እስክሪብቶ ይለካል እንዴ?»

ገመድ ያዦቹ ሳቁ። ልኬቱን ሊያዩ የመጡት አባቴ አልሳቁም። ቀረብ ብለው፣ «ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። የደረት ኪሴን ቆለፍኩ።

ልኬቱ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። አሥራ አንድ ሄክታር ተብሎ ተመዘገበ። ትርፍ የተባለው አንድ ሄክታር ከቀያሹ ተወሰደ። የአባቴ ሁለት ሄክታር አልተመለሰም።